አፕል መጠጡን ትቶ ወደ ኢትዮጵያ እንደ መጣ የሚናገር ዜና

ዐፄ ፋሲል በነገሡ በ30ኛው ዓመት፣ በ1654 ዓ.ም፣ ዘመኑም ዘመነ ማርቆስ በሆነ ጊዜ፣ በሚያዝያ ወር፣ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ኬፕ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ሁለት አፕል ተለቀመ። ያስለቀመውም ያን ቫን ሪቤክ የሚባል የሆላንድ ንግድ ኩባንያ አዛዥ ነበረ። በመርከብ ያስመጣው ችግኝ በዚያ ምድር ሲያፈራ የመጀመሪያው ነውና ነገሩን በዕለት መዝገቡ አገባው፤ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ኤፕሪል 17 ቀን 1662 ነበረ። በዚያን ጊዜ ጎንደር ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ከተማ ናት። ንጉሡ ኢየሱሳውያንን ከአገር ካስወጡ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ፈረንጅ በጥርጣሬ ይታይ ነበርና ችግኝ ይዞ የሚገባ አልተገኘም። ኮክና ወይን ግን ቀድመው ነበሩ፤ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሁለቱንም በአገራችን ማየቱን ጽፏል።

ስለ ሁለት ፍሬ ዜና መጻፍ ምን ይረባል የሚል ሰው ቢኖር፣ በአዲስ አበባ ከቦሌ ወደ ሩዋንዳ ሰፈር ጎራ ይበልና የፍራፍሬ ቤቶቹን ደጃፍ ይይ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሩዋንዳ ኤምባሲ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ንግግር በሞተር ድምፅ እየተቋረጠ ይቀጥላል። በደጃፉ ላይ ካርቶኑ ክዳኑ ተነሥቶ ይቀመጣል። ውስጡ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ሐምራዊ ወረቀት ተነጥፎበታል፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ አፕል ሁሉም ባንድ ልክ፣ ሁሉም ባንድ መልክ ተኝቷል። በያንዳንዱ ላይ የጥፍር ያህል ወረቀት ተለጥፋለች። በወረቀቷ ላይ 4017 የተጻፈ እንደሆነ አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ ነው፤ 4016 ከሆነ ጥቁር ቀዩ ሬድ ዴሊሸስ፤ 4135 ከሆነ ጋላ፤ 4131 ከሆነ ፉጂ። ሻጩ ግን በእነዚህ ስሞች አይጠራቸውም። «ቀዩን ነው አረንጓዴውን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያ ይበቃዋል።

ስማቸው ግን ታሪክ አለው። በአውስትራሊያ፣ ከሲድኒ ወጣ ብሎ በራይድ፣ ማሪያ አን ስሚዝ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። የተበላ አፕል ቅሪት ከጣሉበት ከወንዝ ዳር አንድ ችግኝ በራሱ በቀለ፤ በ1868 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለጎረቤት አሳዩት፤ ፍሬው ኮምጠጥ ያለ፣ ቢቆይም የማይበላሽ ሆነ። አሮጊቷ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ፤ ስማቸው ግን ይኸው በሩዋንዳ ይሸጣል። ሬድ ዴሊሸስም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካ አዮዋ ጄሲ ሂያት የሚባል ገበሬ ከመስመር ወጥቶ የበቀለውን ዛፍ ሁለት ጊዜ ቆረጠው፤ ሁለቴም አቆጠቆጠ፤ በሦስተኛው እንግዲህ ይኑር ብሎ ተወው። ፉጂ ግን ታስቦበት የተወለደ ነው፤ የጃፓን ተመራማሪዎች አዳቅለው ካገኙት በኋላ በ1962 ስም ሰጥተው አወጡት።

ስለ አፕል ተፈጥሮ አንድ ነገር እዚህ ላይ መነገር አለበት፤ ያለሱ የቀረው ዜና አይገባምና። የአፕል ዘር ቢተከል እናቱን አይወልድም። ከአንድ ፍሬ ውስጥ አምስት ዘር ቢወጣ አምስት ልዩ ልዩ ዛፍ ይበቅላል፤ አብዛኛውም መራራና ደቃቃ ፍሬ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ጣፋጭ ዛፍ ሲገኝ ከቅርንጫፉ ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ ከማዳቀል በቀር መንገድ የለም። በዓለም ላይ ያለ ግራኒ ስሚዝ ሁሉ የዚያች የወንዝ ዳር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው ማለት ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው አፕል የት በቀለ? ይህን የመረመረው ሰው አስቀድሞ የኛን አገር የረገጠ መሆኑ ለዚህ ዜና ጸሐፊ ደስታ ነው። በ1919 ዓ.ም፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ መኮንን በአልጋ ወራሽነት ሳሉ፣ አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ባረፉበት ሰሞን፣ ከተማው ኀዘኑን ሳይጨርስ፣ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ በጅቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ ገባ። ራስ ተፈሪም አስቀርበው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያ አብዮትም ብዙ ጠየቁት። ፈቃዱንም ካገኘ በኋላ በቅሎ ጭኖ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ አስመራ ተጓዘ፤ በየመንገዱ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ጤፉን፣ ኑጉን እየዘገነ በከረጢት አሰረ። ኢትዮጵያ ከዓለም የሰብል መነሻ አገሮች አንዷ ናት ያለውም ይኸው ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በመካከለኛው እስያ፣ በዛሬዋ ካዛክስታን፣ አልማ አታ ደረሰ፤ በከተማዋ ዙሪያ ያሉት የቲየን ሻን ተራሮች በዱር አፕል ተሸፍነው አገኘ። የአፕል ትውልድ አገሩ ይህ መሆን አለበት አለ። እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የተደረገው የዘረመል ምርመራም ቃሉን አጸናለት። በዚያ ተራራ ድብ ከፍሬው ትልቁንና ጣፋጩን እየመረጠ ስለሚበላ ዘሩን በየሄደበት ይጥላል፤ በኋላም የሐር ነጋዴዎች ፈረስና ግመል ያንኑ ሥራ ወደ ምዕራብ ቀጠሉት ይባላል። ቫቪሎቭን ግን በስታሊን ዘመን አሰሩት፤ በ1943 እንደ ፈረንጆች በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረሃብ ሞተ።

አሁን ወደ መጠጡ እንለፍ። ሳይደር ማለት የአፕል ጭማቂ በገዛ እርሾው ፈልቶ የሚሆን መጠጥ ነው፤ በማር ፈንታ አፕል የገባበት፣ ጌሾ የማያውቅ ጠጅ ብንለው ብዙ አንሳሳትም። ለዚህ የሚፈለገው አፕል በሩዋንዳ ካርቶን ውስጥ ያለው አይደለም። የእንግሊዝ ሄርፎርድና ሶመርሴት፣ የፈረንሳይ ኖርማንዲ፣ የስፔን አስቱሪያስ ገበሬዎች ለመጠጥ የሚተክሉት አፕል ጥርስ ቢነክሰው ምላስ የሚያደርቅ፣ ጎምዛዛና መራራ ነው። ሲረግፍ ይሰበሰባል፤ እስኪልም ተከምሮ ይቆያል፤ ከዚያ ይፈጫል፤ ድሮ ፈረስ በሚያዞረው የድንጋይ ወፍጮ ነበር። የተፈጨውም በጨርቅ ወይም በገለባ እየተጠቀለለ በመጭመቂያው ላይ ይደራረባል፤ ጭማቂው ወደ በርሜል ይወርዳል፤ ክረምቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይፈላል። መልኩ ያማረ፣ ጠባሳ የሌለው መሆኑን ማንም አይጠይቅም፤ ወፍጮ ውስጥ ለሚገባ ፍሬ መልክ ምን ያደርግለታል። በአስቱሪያስ ቀጂው ጠርሙሱን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ብርጭቆውን በሌላው እጁ ከወገቡ በታች ይዞ፣ ሳያይ ያንቆረቁራል፤ ጥቂቱ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ እንግዳው የተቀዳለትን ወዲያው ይጠጣል።

በእንግሊዝ ሳይደር ከመጠጥነት አልፎ ደመወዝ ነበር። የእርሻ ሠራተኛ ከቀን ዋጋው ከፊሉን በሳይደር ይቀበል ነበር፤ በአጨዳ ጊዜማ መጠኑ ይጨመርለታል። በ1763 እንደ ፈረንጆች መንግሥት በሳይደር ላይ ግብር ቢጥል የባላገሩ ሕዝብ ተነሣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግብሩ ተሻረ። ደመወዝን በሳይደር መክፈልም በሕግ የተከለከለው በፈረንጆች 1887፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ሰሞን ነው። በዚያው ዓመት በሄርፎርድ ቡልመር የሚባል ሰው የሳይደር ፋብሪካ አቋቋመ፤ ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፣ ኋላ ቂሊንጦ ላይ እንፈልገዋለን።

በአሜሪካም እንዲሁ ሆነ። ጆን ቻፕማን የሚባል ባዶ እግሩን የሚሄድ መናኝ መሳይ ሰው በኦሃዮና በኢንዲያና ምድር የአፕል ዘር እየዘራ ኖረ፤ በ1845 ሞተ። የልጆች መጽሐፍ እርሱን ለልጆች ፍሬ የሚያድል ደግ ሰው አድርጎ ይሥለዋል፤ ዳሩ ግን የሚዘራው ዘር ነበረ፣ ከዘር የሚበቅለው አፕል ደግሞ ለአፍ የሚሆን አለመሆኑን ከላይ ተናግረናል። ደጉ ሰው ለሰፋሪዎቹ ያደለው የመጠጥ ዛፍ ነበረ። በኋላ ግን ስካርን የሚያወግዝ ንቅናቄ ከየቤተ ክርስቲያኑ ተነሣ። መጠጥ ኃጢአት ነው፣ የመጠጥ ዛፍም እንዲሁ፣ የሚል ስብከት ገባ፤ የሳይደር ዛፉን በመጥረቢያ የጣለ ገበሬም አልጠፋም። በ1920 እንደ ፈረንጆች መጠጥ በመላ አገሪቱ በሕግ ሲታገድ አፕል ነጋዴዎች ፍሬያቸውን ለሐኪምና ለእናት አሳብ የሚመች፣ ጤና የሚሰጥ ምግብ አድርገው ያስተዋውቁት ነበር። አፕል ከመጠጡ የተፋታው ያኔ ነው። የኢትዮጵያም አፕል የመጣው ከዚህ ፍቺ በኋላ ነው፤ የዚህ ዜና ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

በ1893 እንደ ፈረንጆች፣ ይህ የፀረ መጠጥ ንቅናቄ በጋለበት ዘመን፣ ሁለት ካናዳውያንና አንድ አሜሪካዊ ወጣቶች ወንጌልን ለማስተማር ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተነሡ፤ ከዚህም ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን፣ በእኛ አገር አነጋገር ኤስ አይ ኤም፣ የሚባለው ማኅበር ተመሠረተ። በ1920 ዓ.ም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከጓደኞቹ ጋር በዚሁ ማኅበር ስም አዲስ አበባ ገባ። አሳባቸው ወደ ጅማ ነበር፤ ነገር ግን ሳይሆንላቸው ቀርቶ በወላይታ፣ በሲዳማና በሐድያ ተቀመጡ። ጣሊያን ሲገባ አስወጣቸው፤ አገር ነጻ ከወጣ በኋላ ተመለሱ። ከእነርሱ ሥራ የወጣችው ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ናት። በዚች ቤተ ክርስቲያን ልማድ አማኝ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም አይቀምስም። የዚህ ሚሽን ሰዎች ናቸው እንግዲህ በ1940ዎቹ ማለቂያ ዓ.ም በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ፣ በግቢያቸው ውስጥ የአፕል ችግኝ የተከሉት።

ጨንቻ አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ በፊት የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ከአርባ ምንጭ ወደ እርሷ የሚወጣ ሰው አባያንና ጫሞን ከበታቹ እየተወ፣ ሙቀቱን እየተወ፣ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይሄዳል፤ ከላይ ሲደርስ ከባሕር ወለል ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መንገዱ የሚያልፈው በዶርዜ ነው፤ ረጅሙ የቀርከሃ ቤት፣ ሸማኔው፣ እንሰቱ ያለበት አገር። ጉሙ ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ከአጥር ወዲያ ያለ ሰው አይታይም። ገበሬው ገብስ ይዘራል፣ ድንች ይተክላል፣ ከእንሰቱ ቆጮ ይፍቃል፤ ለዓመት በዓል ከገብስ ፓርሶ ይጠምቃል። መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ወንዱ ሽመናውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ይሰደዳል። አፕል ለእንደዚህ ያለ ጓሮ የታዘዘ ይመስል ነበር፤ ከእንሰቱ ሥር ጥቂት እርምጃ መሬት ይበቃዋልና።

ዳሩ ግን አፕል የበረዶ አገር ልጅ ነው። ክረምት ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ የሚበቃውን ያህል ሰዓት ብርድ ካላገኘ በጊዜው አይነቃም፣ አበባውም ይዛባል። በእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፤ ዛፉ የሚተኛበት ወቅት የለውም። ለዚህ ሁለት መላ ተገኘ። አንደኛው ብዙ ብርድ የማይፈልግ ዝርያ ማምጣት ነው። አና የምትባለዋ ዝርያ በእስራኤል ኪቡትዝ ለሞቃት ምድር ታስባ የተዳቀለች ናት፤ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ በባሃማስ ደሴቶች የተገኘ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲተከሉ አንዱ ለሌላው የአበባ ዱቄት ይሰጣል፤ ብቻቸውን የቀሩ እንደሆነ ግን ፍሬያቸው ይሳሳል። ሁለተኛው መላ የጣት ሥራ ነው። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ገበሬው፣ ብዙ ጊዜም ሚስቱና ልጆቹ፣ ቅጠሉን በእጃቸው አንድ በአንድ ይመለምሉታል። ዛፉ ራቁቱን ሲቀር ክረምት የመጣ ይመስለዋል፤ ከዚያም እንደ አዲስ ያቆጠቁጣል፣ ያብባል። ሽቅብ የሚሮጠውንም ቅርንጫፍ በገመድ ወደ ታች ጎትተው በችካል ያስሩታል፤ የጎበጠ ቅርንጫፍ ከቀጥተኛው ይልቅ ያፈራልና።

የማዳቀሉ ሥራ ከሁሉ ይበልጣል። ለግንድነት የሚሆነው ዝርያ በመደብ ላይ ይተከልና ጫፉ ይቆረጣል፤ ብዙ ቀንበጥ ሲያወጣ በየእግሩ አፈር ይከመርበታል፤ ቀንበጦቹ ከአፈሩ ውስጥ ሥር ሲሰዱ ተነቅለው ይለያያሉ። እነዚህ ግንዶች አብዛኞቹ በእንግሊዝ ኬንት፣ ኢስት ማሊንግ በሚባለው የምርምር ጣቢያ ስም የሚጠሩና ቁጥር የተሰጣቸው ናቸው፤ የጨንቻ ገበሬ «ኤም ኤም መቶ ስድስት» ሲል ብትሰሙ የመንገድ ቁጥር እንዳይመስላችሁ። አዳቃዩ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ግንድ በስለት ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ከጣፋጩ ዛፍ ያመጣውንም ቅርንጫፍ በዚያው ልክ ሰያፍ ይቆርጠዋል፤ ልጣጭ ከልጣጭ ካልተገናኘ አይያዝምና ሁለቱን አስተካክሎ ያጋጥማል፤ በቀጭን ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ይጠመጥመዋል። ስለቱ ከደነዘዘ ወይም እጁ ከዘገየ ቁስሉ ይደርቃል። የሽመና ክር ሲቋጥር ያደገ ጣት ይህን ሥራ ቶሎ ቢለምድ የሚያስደንቅ አይደለም።

ችግኙ ለብዙ ዓመታት ከሚሽኑ ግቢና ከጥቂት ሰዎች ጓሮ አልራቀም ነበር። በፈረንጆች 1990ዎቹ ግን ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የችግኝ ጣቢያና ሥልጠና ጀመረች፤ ገበሬውም ማዳቀል ተማረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ማንም ያላሰበው ነው፤ ገበሬው ከፍሬው ይልቅ በችግኙ ከበረ። መንግሥትና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ደጋ ባለበት ሁሉ አፕል ይተከል አሉ፤ ችግኙም ከጨንቻ እየተጫነ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ትግራይ ሄደ። የሣር ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ ልጁን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያስገባ በችግኝ ነው። ሆኖም ችግኝ ገዢ አንድ ጊዜ ከገዛ አይመለስም፤ ገበያው ሲጠግብ ሁሉም ወደ ፍሬው ዞረ። ከችግኙም ጋር በሽታው አብሮ ተጉዞ ነበር፤ ዱቄት የተነፋበት የሚያስመስል ሻጋታ ቅጠሉን፣ ጥጥ መሳይ ተባይ ግንዱን ያዘ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ጥፋቱ የገበሬው አይደለም፤ ችግኝ ሲታደል የሚረካ ሪፖርት በዛ፣ ፍሬው በየት በኩል ገበያ ይወጣል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር።

እነሆ ፍሬው ወደ አዲስ አበባ የሚመጣበትን መንገድ እንከተል። ከጨንቻ እስከዚህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጆንያና በካርቶን ተጭኖ፣ በየፍተሻው ቆሞ፣ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይመጣል። የአትክልት ተራው ገበያ ድሮ ፒያሳ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ፤ የሩዋንዳ ቸርቻሪም በሌሊት ተነሥቶ ከዚያ ይገዛል። የውጭው አፕል ደግሞ በሌላ ሥርዓት ይኖራል። ከዛፍ እንደ ወረደ ኦክስጅኑ በተቀነሰበት ቀዝቃዛ ክፍል ይዘጋበታል፤ ይህን ጥበብ በፈረንጆች 1920ዎቹ ካምብሪጅ ውስጥ ኪድና ዌስት የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት አገኙት። እስትንፋሱ ቀንሶ፣ ሳይበሰብስ ወራት ይቆያል። ሲወጣም ይታጠባል፤ የተፈጥሮ ሰሙ ከእጥበቱ ጋር ስለሚሄድ በሌላ ሰም ይወለወላል፤ በቀዝቃዛ ኮንቴይነር በባሕር ይመጣል። ስለዚህ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ማዶ የመጣው አምሮ፣ ከጋሞ የመጣው ተጎሳቁሎ ባንድ ደጃፍ ይገናኛሉ። ቦሌ ራሷ የዚህ ነገር ምስክር ናት። በ1955 ዓ.ም፣ ዘመነ ሉቃስ፣ የአየር መንገዱ የጄት አውሮፕላኖች ሲገቡ የልደታው ሜዳ ጠቧቸው ወደዚህ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሩቅ የሆነውን ነገር ሁሉ እንደ ቅርብ ማየት ለመደ።

መጠጡስ? ሳይደር በሩዋንዳ ምግብና መጠጥ ቤቶች ስሙም እንግዳ ነው። ቢራ አለ፣ ወይን አለ፣ ዝቅ ብለው ቢጠይቁ ጠጅ ቤትም አይጠፋም። ሳይደር የኛን ገበታ ያላገኘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጠጁ ነው። ማር የሞላው አገር ጣፋጭ ነገር ለማፍላት ፍሬ አይፈልግም፤ ከቤተ መንግሥት ግብር ጀምሮ የክብሩን ወንበር ጠጅ ይዞታል፣ ከሥሩ ደግሞ ጠላ አለ። ሌላው ምክንያት ከላይ የተነገረው ነው። በሄርፎርድ ገበሬው መጀመሪያ ጠጪ ነበር፣ ኋላ በላተኛ ሆነ፤ በጨንቻ ግን አፕልን ያስተማሩት ሰዎች መጭመቂያውን ቢያውቁትም ይዘው አልመጡም፤ ከእነርሱ የተማረው ገበሬም ቢሆን በልማዱ ከብርጭቆ የራቀ ነው። አንድ ሽማግሌ አማኝ በጓሮው በበቀለ ፍሬ መጠጥ ይጥመቅ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በዚህ እርሱን የሚነቅፍ ካለ እኔ አልተባበርም።

ደቡብ አፍሪካ ግን የቫን ሪቤክን ሁለት ፍሬ ወደ ትልቅ የአፕል ምድር ለውጣ፣ ዛሬ ሳይደር በብዛት ከሚጠጣባቸው አገሮች አንዷ ሆናለች። ያ እንዲያዝልኝ የጠየቅሁት የቡልመር ፋብሪካም እጅ በእጅ ተሸጦ ወደ ሄኒከን ገባ፤ ሄኒከን በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጥ የሳይደር አምራች ነው። ይኸው ኩባንያ በ2003 ዓ.ም ማለቂያ የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት ገዛ፤ ከዚያም በከተማችን ደቡብ ምሥራቅ፣ ቂሊንጦ ላይ ትልቅ ጠመቃ ቤት ሠርቶ ዋልያ ቢራን አወጣ። እንግዲህ ከሩዋንዳ ብዙ ሳይርቅ፣ ሳይደር መጥመቅ ከማንም በላይ የሚያውቀው ቤት ተቀምጧል፤ የሚጠምቀው ግን ገብስ ነው። ገብሱስ የኛው ነው፣ ገበሬውም ይሸጠዋል፤ ነቀፌታ የለኝም። ከውጭ የሚገባውን መጠጥ በተመለከተ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲያዝ አስካሪ መጠጥም ከእነርሱ አንዱ ነበረ፤ እገዳው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም ነው።

ለወፍጮ የሚሆን ፍሬ ግን በጨንቻ ሞልቷል። በረዶ የመታው፣ ወፍ የቀመሰው፣ መንገድ ላይ የተላጠው፣ ደቃቃው ሁሉ በሌላ አገር ቢሆን መጭመቂያ ውስጥ ይገባ ነበር። ሳይፈላ ጭማቂ ሆኖ ቢቀር አማኙም ይጠጣዋል፤ ከፈላ በኋላ እንዲኮመጥጥ ቢተው ኮምጣጤ ይሆናል፣ እርሱንም ማንም አያወግዝም። እስከዚያው ግን እንዲህ ያለው ፍሬ በዶርዜ መንገድ ዳር ልጆች እየሮጡ ለመኪና መንገደኛ ያቀርቡታል፤ የቀረው ደግሞ ከካርቶኑ ጎን በሰሃን ሆኖ በሩዋንዳ ይሸጣል።

በዚያ ደጃፍ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ሲገበያዩ ሰማሁ። ሻጩ ልጅ የጨንቻውን ፍሬ አንሥቶ በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ፣

«እማማ፣ ይሄ የአገር ነው። ይቅመሱትና ይግዙ፤ ከዚያኛው ይልቅ ጠረን አለው» አላቸው።

«ጠባሳ አለበት እኮ ልጄ።»

«የበረዶ ነው እማማ። ልጣጩን ብቻ ነው የነካው።»

«አውቃለሁ፤ እኔ ገጠር ነው ያደግኩት። ግን ሆስፒታል ነው ይዤ የምሄደው። አስታማሚዎቹ ሁሉ ፌስታሉን ያያሉ፤ የተበላሸ አመጣች ይሉኛል።»

ልጁ አልተከራከረም። ከሐምራዊው ወረቀት ላይ ሦስት ቀያይ አወጣ፤ እናትየዋም እያገላበጡ አዩአቸው፣ የተለጠፈችውን ወረቀት ግን አላነሡም፣ እንዲታይ ተዉት። ከዚያም ወደ ሰሃኑ ዞረው፣

«ከዚህኛው ደግሞ ኪሎ መዝንልኝ፤ ለቤት ነው» አሉት።